91 ሺህ ብቻ የነዳ የ1996 ሃይሉክስ 2.2 ሚሊዮን ያወጣል?

የመሀል ሜዳው

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። መኪና የገዛችሁ፣ የሸጣችሁ ወይም ስሩ ገብታችሁ የጠገናችሁ ካላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ።

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ፒካፕ አግኝቻለሁ። ቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና፣ ፎር ዊል፣ በፈረንጅ 1996 ሞዴል። ሞተሩ 3ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ናፍጣ ነው፣ ቱርቦ የለውም። ኪሎሜትሩ 91 ሺህ ምናምን ይላል። አዎ፣ ዘጠና አንድ ሺህ።

ባለቤቱ አርፈዋል፤ የሚሸጡት ልጆቻቸው ናቸው። አባታችን ብዙ አይነዱም ነበር፣ መኪናው ዕድሜውን የጨረሰው ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ስር ሸራ ለብሶ ነው ይላሉ። ቀለሙ ነጭ ነው። ላሜራው በጣም ንጹህ ነው፣ የተጋጨ ነገር አላየሁበትም። የጠየቁት 2.2 ሚሊዮን ብር ነው። እዚያው ከተማ ውስጥ ያው ሞዴል፣ ከ300 ሺህ በላይ የነዳ፣ ግን በየቀኑ ሥራ ላይ ያለ መኪና 1.8 ሲሸጥ አይቻለሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለዚህች ትንሽ ኪሎሜትር 400 ሺህ ብር መጨመር ያዋጣል ወይ ነው። ደላላው "እንዲህ ያለውን ሁለተኛ አታገኝም፣ ነገ ሌላ ሰው ያነሳዋል" እያለ ስልኬን አላስቀመጠኝም።

ሥራዬ ከመሀል ሜዳ ድንችና በግ ወደ ደብረ ብርሃን ማመላለስ ነው። አልፎ አልፎ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ሽንኩርትና ማሾ አመጣለሁ። ቤተሰብም ስላለ ነው ደብል ጋቢና ያሰብኩት።

ቀይ ሊብሬ

ግዛው በናትህ! ምን ትጠይቃለህ?

እኛ አገር መኪና እንደ ውጭ አገር አርጅቶ አይረክስም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው፣ በተለይ ዕድሜው የገፋውን። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮ ወጣ። አሮጌ ሃይሉክስ ዛሬ ገዝተህ የዛሬ ዓመት ብትሸጠው ትከስራለህ ብዬ አላስብም። ዘጠና ሺህ የነዳ ከሆነ ደግሞ ገና ልጅ ነው። 3ኤል ሞተር ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረ ስንት መቶ ሺህ እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

ትንሽ ተከራከርና 2.1 አድርሰህ ውሰደው።

ቁልፍ 14

ቀይ ሊብሬ፣ ስለ ገበያው ያልከው እውነት ነው። ችግሩ ቁጥሩን እንዳለ አምነህ መነሳትህ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። መኪናው 30 ዓመት ሊሞላው ነው። 91 ሺህን ለ29 ብታካፍል በዓመት 3,100 ኪሎሜትር ገደማ ይወጣል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ 260። ስለዚህ ይሄ መኪና በወር አንዴ አዲስ አበባ ደርሶ ተመልሷል፣ ከዚያ ውጪ ገበያም፣ ለቅሶም፣ ሰርግም አልሄደም ማለት ነው። ይሆናል ወይ? ይሆናል። በዕድሜ የገፉ ባለቤት፣ ቆርቆሮ፣ ሸራ፣ ሁሉም ይገጥማል። ግን ይሄ የሻጭ ወሬ ነው፣ ወሬውን መኪናው ራሱ ሲደግመው ነው የሚታመነው።

የዚያ ዘመን ሃይሉክስ ኪሎሜትር የሚቆጥረው ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) በሚመጣ ገመድ ነው። ገመዱ ሲበጠስ የፍጥነቱ ቀስት ይተኛል፣ ቁጥሩም ይቆማል፣ መኪናው ግን ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ዓመታት የሚነዳ መኪና በየቀኑ ጋራዥ ይገባል። ባለቤቱን ስትጠይቀው "እሱን ተወው፣ ፍሬኑን ብቻ እይልኝ" ነው መልሱ። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ቆጣሪ ገዝቶ መግጠምም አለ፤ ያኔ የምታነበው የሌላ መኪና ዕድሜ ነው። ቁጥሮቹ እኩል መስመር ላይ ካልቆሙ ወይም የዳሽቦርዱ ብሎኖች ጭንቅላት ከተላጠ እጅ ገብቶበታል።

ቁጥሩን ትተህ ሰውነቱን እይ። የሾፌር በሩን ገርበብ አድርገህ ከስር ወደ ላይ አንሳው። ማጠፊያው ላይ ጨዋታ ካለው ስንት ሺህ ጊዜ እንደተከፈተና እንደተዘጋ ይነግርሃል። የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳል ጎማ፣ የመሪው ሽፋን፣ የማርሽ መጨበጫው፣ ሾፌሩ ሲገባና ሲወጣ የሚታሸው የወንበሩ ግራ ጠርዝ፣ የቁልፍ መክተቻው ዙሪያ ያለው ጭረት። 90 ሺህ የነዳ መኪና ላይ እነዚህ ሁሉ ደህና መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ አርጅቶ ሌላው ደህና ከሆነ ምክንያት ይኖረዋል፣ ሁሉም ካረጁ ግን ክርክሩ አልቋል። አንድ ነገር ልብ በል፦ የፔዳሉ ጎማ አዲስ ከሆነ ደስ አይበልህ፣ አሮጌው የት ሄደ ብለህ ጠይቅ።

ከዚያ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሂድ። የደብረ ብርሃን ብርድ ለመኪና ገዢ ትልቅ ወዳጅ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ኮፋኖውን ከፍተህ ብረቱን በእጅህ ንካ፣ መቀዝቀዝ አለበት። ሞቆ ከጠበቀህ ቀድመው አስነስተውታል፣ ሻይህን ጠጥተህ ሌላ ቀን ና። ማሞቂያ ካንዴላው ደህና የሆነና ኮምፕሬሽኑ ያለ 3ኤል በውርጭም ቢሆን ትንሽ አንገራግሮ ይነሳል። መጀመሪያ ላይ ነጣ ያለ ጭስ ወጥቶ ሲሞቅ ከጠፋ አትጨነቅ። ሲሞቅም የማይጠፋ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ሆኖ ከቀጠለና የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሄደ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ጠርጥር። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያ ክዳኑን አንስተህ ትንፋሹን እይ፣ እንደ ወናፍ የሚተፋ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ፒስተኑ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ሞተር ማውረድ ነው።

ይሄን ሁሉ ካለፈ ተመልሰህ ጻፍልን። ከዚያ በፊት ስለ 400 ሺህ ማውራት ከንቱ ነው።

ጡረተኛው ሾፌር

ልጄ፣ ይሄን ሞዴል አውቀዋለሁ። በእርዳታ ፕሮጀክት መኪና መንዝንና ግሼን ስመላለስ የነዳሁት እሱን ነው። ፊቱም ኋላውም ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ነው፤ ወገብ ያንገጫግጫል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ለመሀል ሜዳ መንገድ ከዚህ የተሻለ ዕቃ ዛሬም አላውቅም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። አባትየው መኪናውን ከማን ገዙት? አዲስ ከቶዮታ ወኪሉ ከሞኤንኮ ያወጡት ነው ወይስ ከጨረታ? ይሄን ሳታውቅ አንድ ብር አትቁጠር። በዚያን ጊዜ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አዲስ የሚገዛ ግለሰብ ጥቂት ነበር፤ የሚበዛው የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የእርዳታ ድርጅት ነው። የፕሮጀክት መኪና ደግሞ ቁጭ አይልም። ማለዳ ይወጣል፣ ማታ ጭቃ ለብሶ ይገባል። በዓመት 20 ሺህ መንዳት ለሱ ምንም አይደለም።

መሞከሪያው ቦታ ደግሞ አጠገብህ አለልህ። ከተማ ውስጥ ዞረህ አትመለስ፣ ሻጮቹን አሳፍረህ ወደ ደብረ ሲና ውረድ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈህ ስትወርድ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገባና እግርህን ከነዳጁ አንሳ፣ ሞተሩ ይያዘው። ያረጀ ካምቢዮ እዚያ ላይ ማርሹን ይተፋል። ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ፣ ወይም ታች ስትደርስ አንዱ ጎማ ብቻ የሚፋጅና የሚሸት ከሆነ፣ ቆሞ የኖረ መኪና በሽታ ነው፣ የፍሬኑ ፒስተን ዝጎ ተይዟል።

ታች ትንሽ አርፈህ ተመለስ። ዳገቱ ላይ ዓይንህ ከሙቀት ቀስቱ አይነሳ። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ዋሻው አጠገብ ቢያቃስት አትደንግጥ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጥቁር ጭስም ይጨምራል፣ ደህናውም እንዲያ ነው የሚያደርገው። ቀስቱ ወደ ቀዩ ከተጠጋ ግን አቁም። የኤል ሞተር አንዴ ከልክ በላይ ከሞቀ ቴስታታው የመሰንጠቅ አመል አለው። ከዚያ መኪናውን እዚያው አሳድረውና በማግስቱ ጠዋት ሳይነሳ ውሃና ዘይቱን እይ፣ የጎደለ ነገር ካለ ያኔ ነው የሚታየው።

ሎዱንም (ፎር ዊሉን) ሞክር። የፊት ጎማው መሀል ላይ በእጅ የሚዞር ማያያዣ አለ፤ ለዓመታት ካልተነካ ይደርቃል። በሁለቱም ጎማ ካልዞረልህ ፎር ዊል ነው ብለህ የምትከፍለው ብር የለም።

የእቃ ቤቷ

ደብረ ብርሃን መለዋወጫ እሸጣለሁ፣ ስለዚህ ቢገዛውም እኔ አልከስርም 😄 ግን እውነቱን ልንገርህ።

ብዙ ሰው ትንሽ የነዳ መኪና ወጪ የለውም ብሎ ያስባል። የሚያረጀው ግን በኪሎሜትር ብቻ አይደለም። ጎማ የሆነ ነገር ሁሉ ቁጭ ብሎም ይደርቃል። የፍሬን ጎሚኒ፣ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማሸጊያ)፣ የራዲያተር ማኒኮቶ (የውሃ ቱቦ)፣ የባሌስትራ ቡሽ፣ የናፍጣ ፖምፓው ማሸጊያ። መኪናው ቆሞ ሳለ አንዳቸውም አያፈሱም። ገዝተኸው መሥራት ስትጀምር በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ በየተራ ይመጣሉ፣ አንተም "መኪናው ገደኛ አይደለም" ትላለህ። ገድ የለበትም፣ ላስቲክ ነው።

ከሁሉም በፊት የታይሚንግ ቺንጊያው፣ ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማው የላስቲክ ቀበቶ። 3ኤል ካቴና (ሰንሰለት) የለውም፣ በቺንጊያ ነው የሚሠራው፣ መቀየሪያውም በ100 ሺህ ኪሎሜትር ነው። ሻጩ "ገና 91 ነው፣ 9 ሺህ ይቀርሃል" ቢልህ አትስማው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ላስቲክ ኪሎሜትር አይጠብቅም። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ይጋጫሉ፣ ጥገናው ከቺንጊያው ጋር አይነጻጸርም። በመጀመሪያው ቀን ከነመወጠሪያው ቀይረው፣ ዋጋውንም ስትደራደር ቀንስበት።

ጎማዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ ነው ብለህ አትለፍ። ጎኑ ላይ በአራት አሃዝ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ተጽፏል። ለምሳሌ 2315 ካለ በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጅ። አስር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም በጭነት ጣርማ በርን ለማውረድ አይደለም። ትርፉን ጨምረህ አምስት ጎማ ዛሬ ስንት እንደሆነ ገበያ ጠይቅ፣ ከዚያ 400 ሺህው ወዴት እንደሚሄድ ይገባሃል።

ናፍጣውም አለ። ለዓመታት ግማሽ ሆኖ የተቀመጠ ታንከር ውስጡ ውሃ ይይዛል፣ ይዝጋል። ዝገቱ ፊልትሮ ይዘጋል፣ ካለፈ ደግሞ ፖምፓና ኖዝል ይበላል። ታንከሩን አውርዶ ማጠብ ርካሽ ነው፣ ፖምፓ ማሠራት ግን ርካሽ አይደለም።

እና የኋላውን ወለል ጣውላ ወይም ምንጣፍ ካለው አንስተህ እየው። የበግ ሽንት ላሜራ እንደሚበላ አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ።

ቀይ ሊብሬ

ኧረ በለው፣ አንድ መኪና ለመግዛት ይሄ ሁሉ ምርመራ? እንዲህ ብለን ከተነሳን አገሩ ውስጥ የሚገዛ መኪና አይኖርም። የምትሉት ሁሉ የ300 ሺህውም መኪና ላይ አለ እኮ።

ቁልፍ 14

አለ፣ አዎ። ልዩነቱ የዚያኛው ዋጋው ውስጥ ገብቷል። በየቀኑ ስለሚሠራ የተበላሸው ይታወቃል፣ የተቀየረውም ተቀይሯል። የዚህኛው ወጪ ገና አልተከፈለም፣ ሻጮቹ ግን እንደተከፈለ ቆጥረው ነው ተጨማሪ የሚጠይቁት።

ውል አዋዋይ

ስለ ሞተሩ ሌሎቹ ይበቁሃል፣ እኔ ስለ ወረቀቱ ልናገር።

ባለቤቱ ከሞቱ መጀመሪያ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። በማስረጃው ላይ ያሉት ወራሾች ሁሉ ይፈርማሉ፣ ያልመጣ ካለ በውክልና። ደላላው "አባትየው የሰጡኝ ውክልና አለ" ቢልህ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይቀራል፣ በሱ የሚፈረም ውል ለጭቅጭቅ ብቻ ነው።

መኪናው ከእርዳታ ድርጅት የመጣ ከሆነ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሲሸጥ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት፣ ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ሰነዱ) ጭምር፣ ከፋይሉ ውስጥ መኖሩን አረጋግጥ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ራስህ ጎንበስ ብለህ አንብበህ ከሊብሬው ጋር አመሳክር፣ ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ስም ዝውውሩ እዚያ ላይ ይቆማል። የእዳና እገዳ ማጣሪያ አሠራ። ቦሎው ካለፈ ስንት ዓመት እንደሆነው ጠይቅና ውዝፉን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ጻፉ። ታርጋውንም እይ፦ ኮድ 2 ከሆነ የሰው ዕቃ በኪራይ መጫኛ አይደለም፣ ለዚያ ኮድ 3 ነው።

ቀብድ ለመስጠት አትቸኩል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ወራሾቹ ሳይስማሙ ከአንዱ ልጅ ጋር ቀብድ ብታስር እጥፉን ከማን እንደምትቀበል አስብ።

የመሀል ሜዳው

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ሄጄ ነበር፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጋሼ (ጡረተኛው ሾፌር)፣ የጠየቁኝን ጠየቅኩ። አባትየው የገዙት በ1998 በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ። ስለዚህ መኪናው ከሳቸው በፊት አስር ዓመት ያህል ፕሮጀክት ላይ ነበር። የጨረታው ወረቀት አለ፣ ኪሎሜትር ግን አልተጻፈበትም።

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር፣ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ። ነጭ ጭስ ትንሽ ወጥቶ ጠፋ። ትንፋሹም ደህና ይመስላል። የፔዳሎቹ ጎማ አዲስ ነው። የሾፌር በሩ ሲነሳ ይጫወታል፣ የተሳፋሪው አይጫወትም። መሪው ላይ ሽፋኑ አንድ ቦታ ለስልሷል። ጎማዎቹ ላይ ያነበብኩት 0812 ነው።

ትልቁ ነገር ግን ስንነዳ የፍጥነቱ ቀስት አልተንቀሳቀሰም። ልጁን ብጠይቀው "እሷ እኮ ገመዷ ብቻ ናት፣ ቀላል ነው፣ ድሮም እንዲሁ ነበረች" አለኝ።

ቁልፍ 14

"ድሮም" 😂

ይኸው፣ መልሱን ራሱ ሰጠህ። ቁጥሩ መቼ እንደቆመ ማንም አያውቅም። አስር ዓመት ፕሮጀክት ላይ የነበረ መኪና ብቻውን 200 ሺህ ሊያልፍ ይችላል። እኔ በግምት ከ250 ሺህ በታች ነው ብዬ አልገዛውም።

ይሄ ማለት ግን ሩጥና አምልጥ ማለት አይደለም። ሞተሩ በብርድ እንዲያ ከተነሳና ካልተነፈሰ ደህና ነው። ላሜራውም እንዳልከው ንጹህ ከሆነ በዚህ ዕድሜ ያንን ማግኘት ከባድ ነው።

ጡረተኛው ሾፌር

እኔም ያው ነው የምለው። ለኪሎሜትሩ አንድ ብር አትክፈል፣ ለላሜራው ክፈል። ሞተር ይወርዳል ይሠራል፣ ካምቢዮም ይገኛል። የበሰበሰ ሻንሲ ግን ማንም ደህና አድርጎ አይመልስልህም። ስሩ ገብተህ የኋላ ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበትን ቦታ በመዶሻ ቀስ አድርገህ ንካው፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይስጥህ። አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ካገኘኸው ቀለሙን ፋቅ አድርገህ እይ።

ዳገቱንስ ሞከርከው?

የመሀል ሜዳው

አልፈቀዱም ጋሼ። "ቦሎ የለውም፣ ትራፊክ ይይዘናል" አሉ። ከተማው ዳር ድረስ ብቻ ነው የነዳሁት።

ጡረተኛው ሾፌር

ምክንያታቸው እውነት ነው፣ ቦሎ የሌለውን ይዞ መውጣት አይገባም። እንግዲያው ቦሎውን ያስመርምሩትና ያውጡ። ሊሸጡት የፈለጉት እነሱ ናቸው። መኪናው ምርመራውን ካላለፈ ደግሞ አንተ ከመግዛትህ በፊት ማወቁ ይሻልሃል። ዳገቱን ሳትሞክር ግን አትግዛ።

ጫጫ ላይ

በመሀል ልግባ። ለድንችና ለበግ ደብል ጋቢና ለምን? የኋላው አጭር ነው፣ ከ8 ኩንታል በላይ ከጫንክበት የኋላ ባሌስትራውን ትበላዋለህ። ሲንግል ጋቢና ብትወስድ ብዙ ትጭናለህ። ቤተሰቡ በሚኒባስ ይሂድ።

የመሀል ሜዳው

ቤተሰቡ በሚኒባስ ይሂድ ስትል ባለቤቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያነበበች ነው። እዚህ ላይ ባንከራከር ይሻላል።

ወደ ዋጋው እንመለስ። ስንት ልበላቸው?

ቁልፍ 14

መነሻህ ያው 1.8 የተሸጠው መኪና ይሁን፣ ምክንያቱም ኪሎሜትሩ ከወጣ ሁለቱ እኩል ናቸው። ለላሜራው ትንሽ ጨምር፣ እኔ ብሆን 50 ሺህ፣ ቢበዛ 100። ከዚያ አምስት ጎማ፣ ቺንጊያ ከነመወጠሪያው፣ ባትሪ፣ ሙሉ የፍሬን ጎሚኒ፣ ታንከር ማጠብ፣ ዘይቱን ሁሉ (የካምቢዮና የዲፈረንሻል ጭምር) እና የቦሎ ውዝፍ ጻፍና ደምረህ ቀንስ። ዋጋውን ከእቃ ቤቷ ውሰድ፣ በግምት አትጻፍ። የኔ ግምት ከ1.6 ብዙም አይርቅም። ወረቀቱን ይዘህ ፊታቸው ላይ ስታነብ ከ"ውድ ነው ቀንሱልኝ" ይልቅ ይሰማሃል።

ቀይ ሊብሬ

በ1.6 አይሰጡህም። ደብረ ብርሃን ውስጥ 1.7 የሚሰጥ ሰው ነገ ይመጣል፣ ለዚያ ነጭ ቀለም ብቻ ብሎ። እኔ ብሆን ዳገቱን ካለፈ እስከ 1.75 እሄዳለሁ። 1.6 ብለህ ጀምር፣ ግን ለ50 ሺህ ብር ብለህ አትጣው።

ቁልፍ 14

ዳገቱን ካለፈ፣ እሺ። በዚህ ላይ አልጣላህም።

የመሀል ሜዳው

ዛሬ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ታላቅየው ልጅ ተቆጣ፣ "አባታችን በሸራ ሸፍነው ያኖሩትን በ1.6?" አለ። ታናሽየዋ ግን ዝርዝሩን ተቀብላ አንድ በአንድ አነበበችው፣ የጎማውን ቁጥርም ወጥታ አየች። ቦሎውን እናወጣለን፣ ከዚያ ደብረ ሲና ድረስ አብረን እንሄዳለን አለች። የወራሽነት ማስረጃው ወጥቷል፣ ግን አንድ ወንድማቸው ውጭ አገር ስላለ ውክልናው እስኪደርስ ይጠበቃል። ቀብድ አልሰጠሁም። ደላላው ስልክ መደወል አቁሟል።

የእቃ ቤቷ

ጥሩ አድርገሃል። ውክልናው እስኪመጣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የቺንጊያውን ልክ በሱ ነው የምፈልገው። ኦሪጅናሉ አሁን እጄ ላይ የለም፣ ከአዲስ አበባ ማስመጣት አለብኝ። በየሱቁ የሞላው ኦሪጅናል ያልሆነው ነው፣ እሱን ለዚህ ሞተር አልሰጥህም።